ፒክአፕ ያልተለመደ ድምፅ ስታሰማ፦ ከጋራዥ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ሰበካ ጉባኤ ወይም የልማት ፕሮጀክት ጣቢያ ፒክአፕ ካለው፣ ከሕንፃው ቀጥሎ ውዱ ንብረቱ ብዙውን ጊዜ እርሷው ናት። ሲሚንቶና የውኃ ቧንቧ የምታጓጉዝ፣ የእርዳታ እህል የምታመላልስ፣ ካህናትን ወደ ገጠር አጥቢያ የምታደርስ፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስድ እርሷ ናት። ስለዚህ ከወትሮው የተለየ ድምፅ ማሰማት በጀመረች ጊዜ ኮሚቴው ፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛው «ሰው ጭና ትሂድ ወይስ ትቁም?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የትኛው ዕቃ ይገዛ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የሕይወት፣ ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚመለሱት በግምት ነው።

በመቐለና በዙሪያዋ ባሉ ጣቢያዎች ከአሽከርካሪዎችና ከመካኒኮች ጋር በምንሠራው ሥራ የተገነዘብነው፣ ድምፁን በትክክል መግለጽ ከጥገናው ሥራ ትልቁ ክፍል መሆኑን ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም ካህናትንና የኮሚቴ አባላትን መካኒክ ለማድረግ ሳይሆን፣ ወደ ጋራዥ የሚላከው ቃል ከግምት ይልቅ ምስክርነት እንዲሆን ነው።

ግሡን መምረጥ

«መኪናዋ ትጮኻለች» የሚል ሪፖርት ለመካኒኩ የሚነግረው ነገር የለም። ቋንቋችን ለድምፅ ያለው ሀብት ግን በዚህ ሥራ በእጅጉ ይረዳል። ማፏጨት፣ ሲጥ ሲጥ ማለት፣ ማጉረምረም፣ መንኳኳት፣ መፋጨት፣ መንቃጨል አንድ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ወደ ሌላ የብልሽት ዓይነት ይመራሉ። የሚያፏጨው በአብዛኛው የሚያመልጥ አየር ወይም የሚንሸራተት ቺንጋ ነው። የሚያጉረመርመው የሚሽከረከር ነገር ማለትም ኩሽኔታ፣ ጎማ ወይም የዲፈረንሻል ጥርስ ነው። የሚንኳኳው ክፍተት የፈጠረ መጋጠሚያ ነው። ሲጥ ሲጥ የሚለው የደረቀ ጎሚኒ ወይም ቅባት ያጣ ባሌስትራ ሊሆን ይችላል። የሚፋጨው ብረት ብረትን ሲነካ ነው። የሚንቃጨለው ደግሞ የላላ ቆርቆሮ፣ በተለይም ከማርሚታው በላይ የሚገኘው ሙቀት መከላከያ ሽፋን፣ አለዚያም ከወንበር ኋላ ያልታሰረ ክሪክ ነው። ለዚህ ነው መካኒክ ከመጥራት አስቀድሞ ክሪኩን፣ የጎማ መፍቻውን፣ ከሥር የተሰቀለውን ትርፍ ጎማና የጭነት ሰንሰለቱን አጥብቆ ማሰር የሚገባው። ብዙ «ብልሽት» በዚህ ብቻ ጠፍቶ አይተናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። የጠቀስናቸውና ወደ ፊትም የምንጠቅሳቸው ቺንጋ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ዳዶ የመሳሰሉት ስሞች አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የገቡ ናቸው። መካኒኩና አሽከርካሪው የሚግባቡባቸው እነርሱ ስለሆኑ ሌላ ስም መፍጠር አላስፈለገንም።

ያልተለመደውን ለመለየት የተለመደውን ማወቅ ይቀድማል። መሪጌታ በማኅሌት መካከል ከብዙ ድምፅ አንዱ ሲስት ለይተው የሚሰሙት፣ በጥንታውያን አድባራት የድንጋይ ደወል የሚደውለው አገልጋይም ድንጋዩ መሰንጠቁን ከዓይኑ በፊት በጆሮው የሚያውቀው፣ ጤነኛውን ድምፅ አስቀድመው ስለያዙት ነው። አሽከርካሪውም መኪናዋ ደኅና በነበረችበት ጊዜ በጠዋት ስትነሣ፣ በሚኒሞ ስትቆም፣ ጭነት ይዛ ዳገት ስትወጣ የምታሰማውን ድምፅ ልብ ብሎ ሊያዳምጥ ይገባል። አሽከርካሪ በተለወጠ ቁጥር ይህ እውቀት አብሮ እንደሚሄድ ኮሚቴዎች ቢያስቡበት መልካም ነው።

ድምፁ ማንን ይከተላል?

ከግሡ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው፣ ድምፁ የሚከተለው የሞተሩን ዙር ነው ወይስ የጎማውን ዙር የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም።

መኪናዋን በለጥ ያለ ቦታ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ ነዳጅ ቀስ በቀስ መስጠት ነው። ድምፁ ቆመንም ከተሰማ፣ ከነዳጁም ጋር ከፈጠነ፣ ምንጩ ከሞተሩ፣ ከቺንጋው፣ ከማርሚታው ወይም ከካምቢዮው አይወጣም። ቆመን ምንም ካልተሰማና የሚሰማው ስትሄድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ትራስሚሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉ ወይም ባሌስትራው ይጠረጠራል። ጥቂት ደቂቃ በማይፈጅ ሙከራ የመኪናዋ ግማሽ አካል ከጥርጣሬ ነጻ ወጣ ማለት ነው።

በዚያው ቆመን ሳለ ፍሪሲዮኑን እንርገጥ። ሳይረገጥ ይሰማ የነበረው ጉርምርምታ ሲረገጥ ከጠፋ ጥርጣሬው በካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። በተቃራኒው ሳይረገጥ ዝም ብሎ ሲረገጥ ድምፅ ከመጣ፣ ያረጀው ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱም ካምቢዮ ማውረድን ይጠይቃሉ፤ ግን የሚገዛው ዕቃና የሥራው ስፋት እጅግ ይለያያል።

በጉዞ ላይ የሚደረገው ሙከራም ቀላል ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ እየሄድን ድምፁን እናዳምጥ፤ ከዚያ ፍጥነቱን ሳንለውጥ ወደ ሦስተኛ ማርሽ እናውርድ። ሞተሩ ዙሩን ጨምሯል፣ ጎማው ግን በነበረበት ነው። ድምፁ አብሮ ከቀጠነ የሞተር ወገን ነው፤ ካልተለወጠ የጎማ ወገን ነው። አንዳንድ አሽከርካሪዎች ይህንኑ ለማወቅ በቁልቁለት ፎሌ አድርገው ያዳምጣሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። መኪናዋ በሞተር መያዟ ቀርቶ በፍሬን ብቻ የምትወርድ ከሆነ፣ የፍለጋው ዋጋ ከብልሽቱ ይበልጣል።

ድምፁ የጎማ ወገን መሆኑ ከታወቀ በኋላ መሪው ይጠየቃል። መኪና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ግራ ጎማዎች ያዘነብላል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ የሚጎላ ጉርምርምታ ብዙውን ጊዜ የግራ ኩሽኔታን ያመለክታል፤ ወደ ግራ ሲሆንም እንዲሁ በተቃራኒው። ለማረጋገጥ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ፣ መኪናዋን በድጋፍ ካጸኑ በኋላ፣ ከላይና ከታች ይዞ ማወዛወዝና በእጅ ማሽከርከር ነው። የሚወላገድ ወይም እንደ ወፍጮ የሚሻክር ከሆነ ምርመራው ተጠናቀቀ።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከምናውቃቸው ጣቢያዎች በአንዱ የነበረች ፒክአፕ «ከኋላ ትጮኻለች» ተብላ ወደ ጋራዥ ተላከች። ሁለት የኋላ ኩሽኔታዎች ተገዝተው ተቀየሩ፤ ጉርምርምታው ግን እንደነበረ ቀጠለ። ቀጥሎ ዲፈረንሻል ይፈታ ተባለ። ያን ጊዜ አንድ አረጋዊ አሽከርካሪ «ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን ስትገባ ድምፁ ይለወጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ይለወጥ ነበር። የኩሽኔታ ድምፅ መንገድን አይመርጥም፤ የጎማ ድምፅ ግን ከመንገዱ ገጽ ጋር ይለዋወጣል። ጎማው በእጅ ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ጥርስ ባልተስተካከለ ሁኔታ ተበልቶ ተገኘ። ዲፈረንሻሉ ሳይነካ ቀረ። በዚያ ወር ለኩሽኔታዎቹ የወጣው ገንዘብ ግን ለሌላ ሥራ ታስቦ የነበረ ነው።

በእግር የሚረገጠውም ነገር ምስክር ነው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ቀጭን ጩኸት የፍሬን ሸራው ማለቁን ሊያመለክት ይችላል። በብዙ ሸራዎች ላይ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካ እንዲጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ብረት አለ። ይህ ጩኸት የተላከ ደብዳቤ ነውና ሳይነበብ አይቀመጥ። ከወደ ፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ጓ» የሚል አንድ ምት ከመኪናዋ ሆድ ከተሰማ ደግሞ የትራስሚሲዮኑ ክሮቸራ ክፍተት ሳይፈጥር አልቀረም። ክሮቸራ በየጊዜው ግራሶ መጠጣት ያለበት ዕቃ ነው፤ በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ ደግሞ ይበልጥ።

ከፎር ዊል ድራይቭ ጋር የተያያዘ አንድ ስህተት ሳንጠቅስ አንለፍ። በአሸዋ ወይም በጭቃ ተገብቶ የነበረው ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ሳይወጣ ከቀረ፣ መኪናዋ ስትታጠፍ ትከብዳለች፣ ትዘላለች፣ ከሥሯም ትመታለች። የፊትና የኋላ ጎማዎች በመታጠፊያ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ ነው። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ የተበላሸ ነገር የለም፤ ማርሹን መመለስ ብቻ ነው። በዚሁ ሁኔታ አዘውትራ ከተነዳች ግን እውነተኛው ብልሽት ይከተላል።

ጉዞን የሚያስቆሙ ድምፆች

አብዛኞቹ ድምፆች እስከ ጋራዥ ያደርሳሉ። የሚከተሉት ግን አያደርሱም፤ ኮሚቴውም አሽከርካሪው በእነዚህ ምክንያት በመንገድ ላይ ቢቆም እንደማይወቀስ አስቀድሞ በጽሑፍ ሊነግረው ይገባል ብለን እናምናለን። ብዙ ሞተር የሚቃጠለው «እህሉ ዛሬ መድረስ አለበት» በሚል ፍርሃት ነውና።

የመጀመሪያው ከሞተሩ ጥልቅ የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ጭነት ሲከብድ የሚበረታ፣ እንደ መዶሻ የከበደ መንኳኳት ነው። ይህ የቢየላ ብሮንዚና መበላቱን ሊያሳይ ይችላል። የዘይት መብራት አብሮ ከበራ ሞተሩ በዚያው ቅጽበት መጥፋት አለበት። ዘይት ጨምሮ ለመሞከር እንኳ አስቀድሞ ማጥፋትና ለጥ ባለ ቦታ መጠኑን መለካት ይገባል። ከዚህ የሚለየው ከሞተሩ ራስ የሚመጣው ቀጭንና ፈጣን «ቲክ ቲክ» ነው፤ እርሱ የቫልቭ ክፍተትን ወይም የዘይት ማነስን ያመለክታል። ልዩነቱን የሚያውቅ ጆሮ ምቱንም ይለያል። ቫልቭን የሚያዘው ዘንግ የሚዞረው ዋናው የሞተር ዘንግ ከሚዞረው በግማሽ ፍጥነት ስለሆነ፣ የቫልቭ ምት ከቢየላ ምት የዘገየ ነው።

ሁለተኛው በፍሬን ጊዜ የሚሰማው የብረት ፍጭት ነው። ሸራው አልቆ ብረቱ ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እየበላ ነው ማለት ነው። ነገር ግን በጠጠር መንገድ አንዲት ትንሽ ድንጋይ በዲስኩና ከኋላው ባለው የአቧራ መከላከያ መካከል ገብታ አስደንጋጭ ፍጭት ታሰማለች። መለያው እንዲህ ነው፦ ፍሬን ሳይያዝም የሚፋጭ ከሆነና ጥቂት ወደ ኋላ ሲኬድ የሚለወጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ድንጋይዋ ትጠረጠራለች። ፍሬን ሲያዝ የሚብስ ከሆነ ግን ጉዞው እዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው ጎማ ከተቀየረ በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣ መንገጫገጭና «ኳ ኳ» የሚል ምት ነው። ዳዶዎቹ ላልተው ይሆናልና ወዲያውኑ ቆሞ ማየት ነው። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተኬደ በኋላ ዳዶውን ደግሞ ማጥበቅ ልማድ ይሁን። ከመቐለ ተነሥቶ ለሚሄድ ውቅሮ ለዚህ የምትመች ማረፊያ ናት።

ናፍጣና ሞተሩ

ፒክአፖቻችን በአብዛኛው የናፍጣ ሞተር ያላቸው ስለሆኑ በጠዋት ብርድ ሲነሡ ቀጥቀጥ ማለታቸው ተፈጥሯቸው ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነዳጁ ዘግይቶ በድንገት ይቀጣጠላል፣ ድምፁም ይጠነክራል። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነውና የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ይህን ያጎላዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከለሰለሰ የሚያሳስብ አይደለም።

ሙቅ ሆኖም የሚቀጠቅጥ ከሆነ ግን፣ በተለይ ነዳጅ በተቀዳ ማግስት ከጀመረ፣ ከሞተሩ በፊት ነዳጁ ይጠየቅ። ከኬሮሲን ጋር የተቀላቀለ ናፍጣ አቀጣጠሉ ይበላሻል፤ ማለስለሻነቱም ስለሚቀንስ ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ይበላል። በጀሪካን የሚገዛ ነዳጅ ደግሞ ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። የነዳጅ ፊልትሮውን ውኃ ማፍሰስ ከማንኛውም ፍተሻ ይቅደም።

በድሮዎቹ ሞተሮች መካኒኮች የትኛው ፒስተን እንደሚያንኳኳ ለማወቅ የኢንጀክተር ቱቦዎችን በተራ እያላሉ ያዳምጡ ነበር። ይህ ጥበብ በኮመን ሬይል በሚሠሩት በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ መሞከር የለበትም። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚበልጥ የሚፈናጠረው ነዳጅ ቆዳን በስቶ ይገባል። መኪናዋ የትኛው ዓይነት እንደሆነች ኮሚቴው ከመጽሐፏ አይቶ ለአሽከርካሪው ያሳውቅ።

በጠዋት ስትነሣ ለጥቂት ጊዜ የሚያፏጭ ወይም ዋይ የሚል ቺንጋ የዘወትር እንግዳ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይታይ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ካንጸባረቀ ይቀየር፣ ከላላ ይጥበቅ። ሳሙና ወይም ቅባት መቀባት ድምፁን ለአንድ ቀን ያጠፋል፣ ቺንጋውንም ያበላሻል። ቺንጋው ቢበጠስ በብዙ መኪኖች የባትሪው ሙሌትና የውኃው ፓምፕ አብረው ይቆማሉና ነገሩን የጩኸት ጉዳይ ብቻ አድርገን አንመልከተው።

ቆመው የከረሙ መኪኖችና የእኛ መንገዶች

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ብዙ ተሽከርካሪዎች በነዳጅና በመለዋወጫ እጦት ቆመው ከረሙ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ በተመለሱ መኪኖች ላይ የሚሰሙ ድምፆች የራሳቸው ጠባይ አላቸው። በዲስኩ ላይ የወጣው ዝገት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ይፋጭና ይጠፋል። በአንድ በኩል ብቻ ተጭኖ የቆየ ጎማ ጠፍጠፍ ብሎ ስለሚቀር በዝቅተኛ ፍጥነት «ዱብ ዱብ» ይላል፤ ሲሞቅ ካልተመለሰ ጎማው ሥራውን ጨርሷል። ተይዞ የቀረ የእጅ ፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። ከኮፈኑ ሥር ጎጆ የሠራች አይጥ የምትበላው ሽቦ ድምፅ ባይኖረውም፣ ጎጆዋ በአየር መሳቢያው ውስጥ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ያቃስታል።

የመንገዱም ነገር አለ። የመቐለ ኮብልስቶን ጎሚኒን፣ ሾክንና የመሪ ቴስቲናን ለመመርመር የተመቸ ነው። በአስፋልት ዝም ያለች መኪና በኮብልስቶን ላይ የመጋጠሚያዎቿን ሁሉ ምስጢር ትናገራለችና ወደ ረጅም ጉዞ ከመውጣት በፊት መስኮት ከፍቶ፣ ሬዲዮ ዘግቶ አንድ ጎዳና ማዳመጥ ይጠቅማል። ከኲሓ ወደ አብዓላ የሚወርደው፣ ከሐገረ ሰላም ወደ ዓቢይ ዓዲ የሚወስደው፣ በደቡብም የአምባ አላጌ ቁልቁለት ፍሬንን የሚፈትኑ ናቸው። ዳገቱን በወጣንበት ማርሽ ቁልቁለቱን እንውረድ የሚለው የአሮጌ አሽከርካሪዎች ሥርዓት ዛሬም ትክክል ነው። ወርደን ስንጨርስ የተቃጠለ ሽታ ወይም አዲስ ፍጭት ካለ፣ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ማረፍና ሸራውን ማየት ነው እንጂ ውኃ ማፍሰስ አይደለም፤ የጋለ ብረት በውኃ ይሰነጠቃል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ዝምታም እንደሚያታልል መታወቅ አለበት። የታይሚንግ ቺንጋ ባላቸው ሞተሮች ቺንጋው ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። እርሱን የሚጠብቀው ጆሮ ሳይሆን የኪሎ ሜትር ቆጣሪና የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ነው። የፍሬን ዘይት ማርጀት፣ የራዲያተር ውኃ መጉደል፣ የጎማ ክር ማለቅም ድምፅ የላቸውም።

በየመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ቢቀመጥ እንመክራለን። አሽከርካሪው ድምፁ የጀመረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የድምፁን ግሥ፣ ቆሞም ይሰማ እንደሆነ፣ በየትኛው ፍጥነት እንደሚመጣ፣ በመታጠፊያ፣ በፍሬን፣ በፍሪሲዮን ወይም በጭነት ይለወጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ምን እንደተቀየረ ወይም የት ነዳጅ እንደተቀዳ በአጭሩ ይጻፍበት። ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግረው አሽከርካሪ ካለ የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ እየጠየቀ ይጻፍለት። በአማርኛም ሆነ በትግርኛ መጻፉ ለውጥ የለውም። ያ ገጽ ከመኪናዋ ጋር ወደ ጋራዥ ይሂድ፤ መካኒኩም ዕቃ ከማዘዙ በፊት ከአሽከርካሪው ጋር አንድ ዙር ነድቶ ይስማው። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ከደረሰኙ ጋር ተመልሶ በሚቀጥለው ስብሰባ ለኮሚቴው ይታይ።